የናቲን ብስክሌት ለማምጣት ወደ ጀልዴሳ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በኪራይ ብስክሌት ከሳቢያን፣ ከድሬው ሰፈራችን፣ ወጣሁ። የምሄደው ጀልዴሳ ነው። ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ ወንድሜን ናትናኤልን፣ እኛ ናቲ የምንለውን፣ ባለፈው ክረምት በዚያ መንገድ ላይ ያለውን የአሸዋ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው። አስከሬኑ በማግስቱ ተገኘ። ብስክሌቱ አልተገኘም። በቅርቡ ግን ፋጡማ፣ ከጀልዴሳ ከሰል እያመጣች ሰፈራችን የምትሸጠው ሴት፣ ለእናቴ ወሬ ነገረቻት። ብስክሌቱ ሮብሌ የሚባል ሰው ቤት አለ። ሰውየው ናቲ ሲወሰድ ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር ይባላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ያንን ሰው በየማለዳው ትረግመዋለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ "ልጄን ቆሞ ያየ፣ የራሱን ልጅ ቆሞ ይይ" ትላለች። እኔም አሜን እላለሁ። በሌላ ነገር ብዙ አሜን አልልም። በዚህ ግን እላለሁ።

እማዬ የላከችኝ ለብስክሌቱ ነው። "የልጄ ዕቃ ሰው ቤት አይውልም" አለች። እኔ የፈለግሁት ሰውየውን ነው። ፊቱን አይቼ አንድ ነገር ልጠይቀው። ለምን ዝም ብለህ አየኸው?

ብስክሌቱን ያከራየኝ አብዶሽ ነው። ናቲ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እሱ ጋ ጎማ ይለጥፍ ነበር። ለቀኑ ሁለት መቶ ብር ከፈልኩት።

"አቦ፣ በዚህች ነው ጀልዴሳ የምትሄደው?" አለኝ። "ይቺ እኮ የከዚራን ሰፈር ሳትዞር ታለቅሳለች።"

"ሌላ የለህም?"

"ያሉት ሁሉ ታመውብኛል። የሚያክማቸው ወንድምህ ነበር።" ከዚያ አጎንብሶ ያልላላውን ካቴና ማጥበቅ ጀመረ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ፒስታው

አስፋልቱ ሲያልቅ ፒስታው፣ ኮረኮንቹ፣ ይጀምራል። መኪና የደበደበው መንገድ ነው፣ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ። ፍጥነት ከቀነሱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከፈጠኑ ደግሞ ጠጠሩ ጎማውን ያንሸራትተዋል። የእኔ ጎማ ቀጭን ነው። የናቲ ሰፊ ነበር፣ ወፍራም ጥርስ ያለው፤ ከጅቡቲ ከገባ ያገለገለ ዕቃ መርጦ የገዛው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዋሂል በኩል ወጥቶ፣ በጀልዴሳ ዞሮ፣ አመሻሽ ላይ ነጭ አቧራ ለብሶ ይገባል። አንድ ቀን እንግዶች እየመራ በዚህ መንገድ እንጀራ ሊበላ ያስብ ነበር።

በስልኩ የውጭ አገር ሰዎች በጠጠር መንገድ ብስክሌት ሲነዱ ያሳየኝ ነበር። ወንዝ ተከትለው ነው የሚሄዱት። ሸለቆው አረንጓዴ ነው፣ ከላይ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። "የእኛስ ምን ጎደለው?" ይለኛል። "ሸለቆ አለን። ጠጠር አለን። ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የጎደለን።"

ውሃው መጣለት።

መንገዱ ቆንጆ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። በግራና በቀኝ ግራርና ቁልቋል፣ ራቅ ብሎ ጭንጫ ኮረብታ። ፍየሎች መንገዱ ላይ ይተኛሉ፣ ደወል ብትመታም አይነሱም። አንድ አይሱዙ አልፎኝ በአቧራ ሸፈነኝና ቆሜ አፌን ተጉመጠመጥኩ። ከቤት የያዝኩትን ፈጢራ እዚያው በላሁ። አሸዋ ገብቶበታል።

ከሰል የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሁለት ሴቶች ወደ ከተማ ሲወርዱ አገኘሁ። ትልቋ ሳቀችብኝ።

"ዋርያ! ብረት ላይ ተቀምጠህ እንዲህ ከሚያልብህ አህያ አትገዛም?"

"አህያሽ ስንት ነው?"

"ለአንተ አልሸጥም። ታከሳታለህ።"

እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በዚህ መንገድ ላይ መሳቅ አልፈለግሁም ነበር።

ወንዙ ጋ ስደርስ ደረቅ ነው። ውሃ የሚባል የለም፣ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ብቻ። ጎማው ስለሚሰምጥ ብስክሌቱን ተሸክሜ ተሻገርኩ። የት ጋ እንደሆነ አላውቅም። ግራና ቀኝ አላየሁም። ዓይኔን እግሬ ላይ አድርጌ አለፍኩ።

ጀልዴሳ

ጀልዴሳ የደረስኩት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። ገበያው ተበትኗል። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ጋ ተቀምጬ በወተት የተፈላ ሻይ ጠጣሁ። ሮብሌ ቤቱ የት ነው ብዬ ስጠይቃት መጀመሪያ ብስክሌቱን አየች፣ ቀጥላ ፊቴን።

"የዚያ ልጅ ወንድም ነህ" አለች። አልጠየቀችኝም።

ቤቱ ከመንደሩ የፓፓያ ተክሎች አለፍ ብሎ፣ በእሾህ የታጠረ ግቢ ነው። የናቲን ብስክሌት ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አየሁት። ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከኋላው ቢጫ ጀሪካን በገመድ ታስሮበታል። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሰው ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ሮብሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን ሂና የቀባ ሰው ነው። አማርኛ የሚያውቀው በጎልማሳነቱ ድሬ ዕቃ ሲያወርድ ለምዶት ነው።

"ና፣ ግባ። ፀሐይ ላይ አትቁም።"

"አልገባም፣ አዴር" አልኩት። አዴር እኛ ጋ ለትልቅ የሶማሌ ሰው የሚባል ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ለሱ የማክበሪያ ቃል ይዤ አልመጣሁም ነበር። "የናትናኤል ወንድም ነኝ። ወንድሜ ሲሞት ለምን ዝም ብለህ አየኸው?"

"ዝም?" አለ። "እኔ ዝም አላልኩም።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደቆምኩ ነው።

"ሰማዩ ንጹሕ ነበር። እዚህ ጠብታ የለም። ዝናቡ እላይ፣ ደንገጎ በኩል ነው። እኔ የጎርፉን ድምፅ ሰማሁ። እሱ ጆሮው ላይ ዘፈን ሰክቷል። ጮህኩ። ጎርፉ መሀል ላይ ደረሰበት። ጥምጣሜን ፈትቼ ወረወርኩለት። ያዘ። ጎተትኩት፣ ወጣ።"

"ወጣ?"

"ወላሂ ወጣ። እንደ አንተ ከፊቴ ቆመ። አስሎ አስሎ ሳቀ። 'አዴር፣ ዛሬ አንተ ባትኖር' አለኝ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ከዚያ ብስክሌቷን አየ" አለ ሮብሌ። "ግራር ላይ ተሰክታለች። ቅርብ ናት። ተዋት አልኩት። ትልቁ ውሃ ከኋላ ነው አልኩት። 'አሁን መጣሁ' አለና ዘለለ። እግሩን ያዝኩ። ጫማው እጄ ላይ ቀረ።"

"ውሸት ነው" አልኩ።

ቤት ገብቶ የናቲን ግራ ጫማ ይዞ ወጣ። ታጥቧል። አስከሬኑን የለየሁት እኔ ነኝ። ግራ እግሩ ባዶ ነበር። ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

"ለምን አላመጣህልንም? ዕቃውን? ወሬውን?"

"ፈራሁ። ውሃው ሲጎድል ብስክሌቷን ከግራሩ አወረድኳት፣ ግን ፖሊስ ከየት አመጣህ ይለኛል አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ወር ሆነ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ውሃ ቀዳሁባት።" መሬቱን እያየ ነው የሚናገረው። "ልጄን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት በሷ ነው። ሃዋ ትባላለች። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል።"

በሩ ጋ የተነጠፈ ምንጣፍ ላይ፣ በሻሽ የተሸፈነች ልጅ ተኝታ ነበር። እስከዚያ ድረስ አላየኋትም።

"ፋጡማ እናትህ የሚሉትን ነግራኛለች" አለ። "የእናት እርግማን ይደርሳል። አንተ ወጣት ነህ፣ ላታምን ትችላለህ። ብስክሌቷን ውሰድ። ግን እናትህን፣ አፉ በይው፣ ይቅር በይው በልልኝ።"

እውነቱን ልጻፍ። ልጅቷን ሳይ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። ግን ደስ አለኝ። ከዚያ ልጅቷ አሳለችና ፊቴን አዞርኩ።

የግመል ወተት በጣሳ አቀረበልኝ። ጠጣሁ። ጀሪካኑን ከብስክሌቱ ላይ የፈታው ራሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ በምን ትቀዳለህ፣ ልጅቷንስ በምን ትወስዳለህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ብስክሌቱንም አልተውኩለትም። ጥሩ ሰው ብሆን እተውለት ነበር። ጫማውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ብስክሌቱን ይዤ ሄድኩ።

መልስ

ሁለት ብስክሌት ይዞ በኮረኮንች መሄድ ሥራ ነው። በአንዱ ላይ ተቀምጬ የናቲን መሪ በግራ እጄ ይዤ እጎትታለሁ። ጠጠር በመታው ቁጥር ወደኔ ይዞራል። ፔዳሉ ቅልጥሜን ላጠው። አንድ የአይሱዙ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣

"ምነው፣ አንደኛዋ አሟት ነው? ጸበል ልታስጠምቃት?" አለኝ።

ለምን የናቲን ነድቼ የአብዶሽን እንደማልጎትት ያውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የናቲ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ኮርቻው በሱ ቁመት ልክ ከፍ እንዳለ ነበር።

ወንዙ ጋ ስደርስ ሁለቱን በአንዴ መሸከም አልሆነልኝም። መጀመሪያ የአብዶሽን ተሸክሜ ተሻገርኩ፣ ወዲያ ማዶ አጋደምኩት። ከዚያ ለናቲ ብስክሌት ተመለስኩ። አሸዋው መሀል ስደርስ እግሬ ቆመ።

አንድ ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ወጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ለብረት ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ይቅር የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም፤ እግሬ ብቻ ሄደ። ቀና ብዬ ወደ ደንገጎ አየሁ። ሰማዩ ንጹሕ ነው። የዚያን ቀንም እንዲህ ነበር።

እዚያው ቆሜ ጮህኩበት። በሮብሌ ላይ አይደለም። ናቲ ላይ። በሕይወት ሳለ ብዬው የማላውቀውን ስድብ ሰደብኩት። አንድ ግመል ጠባቂ ከዳር ሆኖ አየኝና ዝም ብሎ አለፈ። ከዚያ ሄጄ ብስክሌቱን አነሳሁ።

በዚያ መንገድ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሰፊ ጎማ ይኑራችሁ፣ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ሁለት ያዙ። አሸዋው ላይ ሰማይ አትመኑ፣ ጆሯችሁ ላይም ምንም አትስኩ። ሰው ከዳር ሲጮህ ስሙት። ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ብስክሌቱ ከቀረ፣ ይቅር።

ቤት

ሳቢያን ስገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማለች። ብስክሌቱን አየችና እጇን ኮርቻው ላይ አሳረፈች።

"አየኸው ሰውየውን?"

"አየሁት።"

"ምን አለ?"

መንገዱን ሙሉ ይህን ስፈራ ነው የመጣሁት። ዝም ብል ናቲን ጎርፍ በድንገት እንደወሰደው ታምናለች፤ ሰውየውንም ስትረግም ትኖራለች። የምትረግመው ሰው ካላት ትተኛለች። እኔም እተኛ ነበር። ግን የልጅቷ ሳል ከጆሮዬ አልጠፋም። ሁሉንም ነገርኳት። ጥምጣሙን፣ ሳቁን፣ ግራሩን፣ የታመመችውን ልጅ፣ አፉ በይው ማለቱን። ጫማውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

ጫማውን አገላብጣ አየችው። አላለቀሰችም።

"ታዲያ አሁን ማንን ልርገም፣ ብሩኬ?" አለችኝ።

ስሄድ የምጠላው ሰው ነበረኝ። ከጉዞው የተረፈኝ የምጠላው ሰው ማጣት ብቻ ነው። እንዲህ መሆኑ ያቀልለኛል ብዬ ነበር። አላቀለለኝም።

"የልጅቷ ስም ማን ነው ያልከኝ?"

"ሃዋ።"

"ይማራት። አፉ ብዬዋለሁ በለው" አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፣ የተቆጣ ሰው ድምፅ። ጫማውን ይዛ ወደ ናቲ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ብስክሌቱን ወደ ግቢ ሳስገባ ድምፅዋን ሰማሁት። እየጸለየች መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ልጅ ሳለን ስናጠፋ እንደምትቆጣን፣ ቃል በቃል፣ ናቲን እየተቆጣችው ነው።

"ወጥተህ ነበር" ትለዋለች። "አንተ ልጅ፣ ወጥተህ ነበር እኮ።"