ሦስተኛ ደንበኛ የማታስጠጋዋ

ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቄ ፊት ለፊት የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከሸደር የስደተኞች ጣቢያ በጠዋቱ ሚኒባስ ትመጣለች። ከድንበር ማዶ፣ ድሮን ከሚመታው አገር ነው የመጣችው ይባላል። ሁለት ሰው እየገዛ ሦስተኛ ከተጠጋ ጄሪካኗን ትከድንና «ተበተኑ» ትላለች። ገዢ የምታባርር ነጋዴ ከእሷ ሌላ አላየሁም። ሰማዩ የደመነ ቀን ብቻ ፊቷ ይፈታል፤ ምርቃትም ትጨምራለች።

ባጃጅ ነጂው ዋርሳሜ ድሮን እንደምትፈራ ነቃባት። ከኋላዋ ይቆምና በአፍንጫው እንደ ድሮን እዝዝ ይላል። ያኔ ወተቷን ጥላ ወደ ሜዳው ትሮጥና ከሰው ሁሉ ርቃ ብቻዋን ትቆማለች። እኛ እንስቃለን።

አንድ ቀን ፀሐይ ሲበረታባት ሱቄ ደጃፍ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ለምንድን ነው ሰው የምታባርሪው?» አልኳት።

«ላይ ያለው፣ ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚመታው» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ልጆቼ ተበታትነው ይጫወቱ ነበር። ለምሳ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ለዋርሳሜ ነገርኩት። እሱም ለገበያው ሁሉ አዳረሰው።

በማግስቱ እዝዝ ማለቱን ትቶ፣ ከኋላዋ ቆሞ በሶማሊኛ «ልጆች፣ ምሳ ደርሷል» ብሎ ተጣራ። ገበያው ሳቀ። እኔም ሳላስበው ጥርሴ ተገለጠ።

ሴትየዋ አልሮጠችም። ሰማዩንም አላየችም። ያየችው እኔን ነው።