ፍሬን መልቀቅ ለመማር ቢሾፍቱ ደርሼ መጣሁ

እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዬን ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈራችን አስነስቼ ወጣሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ አማተር ነጂዎች ተሰብስበው መኪና መቆጣጠር የሚለማመዱበት ቀን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ ነገሩን አልወደደውም። በክረምቱ ዝናብ አብነት ሰፈር የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ተንሸራትቼ የቆመ ሚኒባስ ከገጨሁ ወዲህ፣ "አንቺ ጨርቅሽን ሽጪ፤ ሹፌር ቀጥሬልሻለሁ፣ ሰኞ ይጀምራል" ብሎ ቆርጦ ነበር። መኪናዋን ግን ሃያ ዓመት ጨርቅ በጅምላ ሸጬ የገዛኋት እኔ ነኝ።

"በጠዋት ወዴት ነው?" አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

"ልማር።"

"በአርባ ስድስት ዓመትሽ?"

"አዎ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ።" መስኮቱን ዘጋሁበት።

በቃሊቲ አድርጌ አሮጌውን መንገድ ያዝኩ። ዱከም ላይ በሰባ ብር ሻይና ሁለት ፓስቲ ቀመስኩ።

ሦስት ሰዓት፣ ሜዳው ላይ

ቦታው ድሮ የከባድ መኪና ማቆሚያ የነበረ ሰፊ አስፋልት ነው። የፕላስቲክ ኮኖች ደርድረው፣ መሬቱን በቦቴ ውኃ አርሰውታል። ከመጡት ሁሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እትዬ፣ የልጅዎን መኪና ነው ያመጡት?" አለኝ አንድ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ።

"የራሴን። ተራህ ደርሷል፣ ሂድ ንዳ።"

አሠልጣኛችን ብሩክ የሚባል ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ከጎኔ ተቀመጠ። እርጥቡ ላይ ስደርስ ፍሬን ይዤ ወደ ቀኝ እንድታጠፍ ነገረኝ። ፍሬኑን ረገጥኩና ጨክኜ ያዝኩት። መሪውን ባዞረውም መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ኮኖቹን ጠረገቻቸው። ከዳር የቆሙት ሳቁ።

"እትዬ፣ ጎማው ከተቆለፈ መሪ አይታዘዝም። ፍሬኑን ይልቀቁት።"

"እየተንሸራተትኩ?"

"እየተንሸራተቱ! ኮኑን አይዩ፤ መሄድ የሚፈልጉበትን ይዩ።"

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሙከራ እንደዚያው ሆነ። ያ ሚኒባስ ዓይኔ ላይ ይመጣል፣ እግሬ ይደርቃል።

"ይብቃዎት?" አለኝ ብሩክ ቀስ ብሎ።

"አይበቃኝም!"

በአራተኛው መንሸራተት ስትጀምር ጥርሴን ነክሼ እግሬን አነሳሁ። ጎማው መሬቱን ሲይዝ በእጄ ተሰማኝ። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ኮኖቹ በግራዬ ቆመው ቀሩ። "አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮህኩ። ብሩክም አብሮኝ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ በሰዓት እየተለካ በተደረገው ውድድር አምስት ኮን ጥዬ የመጨረሻ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቴ

"ስንተኛ ወጣሽ?" አለኝ ሸምሱ።

"የመጨረሻ።"

ሳቀ። "አላልኩሽም?"

"ሳቅ። የቀጠርከውን ሰው ግን ሱቅህ አስገባው። መኪናዬን የምነዳው እኔ ነኝ።"

ያን ቀን ፍርሃት አልለቀቀኝም፤ እግሬ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ እኔን መስማት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ሸምሱ መጥቶ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ስቦ ፈተሸ። ፈትሾ እስኪጨርስ ጠብቄ ነዳሁ።