ለሐያት የተተኮሰው

ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ እህቴን ሐያትን ከምትኖርበት ከፌደራል ዌይ ከተማ ይዣት ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄድን። ሪቮልቨሬ የድሮ ሽጉጥ አምሳያ ነው፤ የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነው። ስተኩስ ነጭ ጭስ ሸፈነን።

«ኡፍ! የተበላሸ እንቁላል ይሸታል» አለች።

እኔ ግን በዚያ ሽታ ወሎ፣ ደጃችን ላይ ደረስኩ። ሐያት የተወለደች ዕለት አባባ ውጅግራውን፣ ያን የጥንት የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ፣ ከግድግዳ አውርዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። በሰፈራችን ጥይት የሚተኮሰው ወንድ ሲወለድ ብቻ ስለነበር፣ ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ እልል እያሉ መጡ።

«ወንድ ነው አይደል?»

«ሰው ነው» አለ አባባ፣ አፈሙዙን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ።

ጭሱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ወደ እማ ጠጋ ብዬ፣ «ለእኔስ ተተኩሶ ነበር?» አልኳት።

«ያኔ አባትሽም ልጅ ነበር» አለችኝ።

አባት እንዴት ልጅ ይሆናል እያልኩ ጺሙን ሳይ ዋልኩ።

ባሩዱን በየቀዳዳው መሙላት ጊዜ ይወስዳልና፣ እየሞላሁ ይህን ለሐያት ነገርኳት። ከዚያ ሽጉጡን ተቀብላኝ፣ ቀስ ብላ አነጣጥራ ተኮሰች።

ከጭሱ ውስጥ ድምጿ መጣ፦ «ኦኬ፣ ይሄ ደግሞ ላንቺ።»