የሄልስፊሩ ጭምት

ዛሬ ጠዋት እዚህ ኖርዌይ፣ ሃውገንስቱዋ ሰፈር፣ የሕንጻችን ደረጃ ሲታጠብ፣ የዚያ አረንጓዴ ሳሙና ሽታ፣ ጥድ ጥድ የሚለው፣ በበሩ ስር ሾልኮ አልጋዬ ድረስ መጣ። በሐሳቤ ጫማዬን ሳላደርግ የድሮ ሥራ ቦታዬ ሄልስፊር ደረስኩ፤ ዕድሜዬም ወደ ሃያ ስድስት ተመለሰ።

ከጓደኛዬ ጋር የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፎቅ እናጸዳ ነበር። ሰው ሳይገባ፣ መብራቱ ግማሹ ብቻ በርቶ፣ የባልዲያችን ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማል። እሱ እንደሆነ አፉን የሚከፍተው ለምግብ ነው።

«ምላስህን አገር ቤት ረስተህ መጣህ እንዴ?» እለዋለሁ።

«አንተ ሁለት ይዘህ መጥተህ የለ» ይለኛል። በቃ፣ የቀኑ ወሬ ያ ነው።

የጓደኛዬ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ አለቃችን፣ ያቺ ረጅም ሴትዮ፣ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ጓደኛህ ሱር ነው። አያናግረኝም፣ አይስቅም። ሥራው ላይ አላቆየውም» አለች። ሱር በነሱ ቋንቋ አኩራፊ ማለት ነው። ሥራው ከሄደ ደግሞ ሚስቱን ከአገር ቤት የማምጣቱ ነገር አበቃለት።

«ናይ» አልኩ፤ አይደለም ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? በኛ ዝምተኛ ሌላ፣ አኩራፊ ሌላ፣ ኩሩ ሌላ። እሱ ጭምት ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ያደረገውን የማያወራ። በኖርዌይኛ የነበረኝ ግን «ስኒል» ብቻ ነው፤ ደግ። ስኒልማ ለውሻም ይባላል።

በእጄ ጠቅሼ ወደ ቢሮዋ መስኮት ወሰድኳት። እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር ቤቷ ስትተኛ፣ መስኮቱ ላይ የተወቻቸው አበቦች አንድ ቅጠል አላረገፉም። ማን እንዳጠጣቸው ጠይቃ መልስ አጥታ ነበር።

«ይሄን፣ እሱ» አልኩ። «በየቀኑ፣ እሱ። አይናገርም። ጭምት።»

አበባውን አየች። እኔን አየች። «ቺሚት?»

«ያ፣ ያ» አልኩ ራሴን እየነቀነቅኩ፤ አዎ፣ አዎ ማለቴ ነው።

ጓደኛዬ ሥራው ላይ ቆየ። በዓመቱ ሚስቱ መጣች። አለቃችንም የፎቁን ሰው ሁሉ «ቺሚት» ማለት አስለመደች። እኔ፣ አራተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረስኩት፣ ለኖርዌይ ቃል ሰጠሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ግሮንላንድ የሚባለውን ሰፈር ዞርኩ።

«እንግዲህ ኮሙኑ አስተማሪ አድርጎ ይቅጠርህ» አለኝ ጓደኛዬ፤ ኮሙን ማዘጋጃ ቤት ነው። ለሱ ረጅም ንግግር ነበር።

ባለፈው መጋቢት ጓደኛዬን ቀበርነው። አለቃችን ጸጉሯ ነጭ ሆኖ በምርኩዝ መጣች። የሌላው ሰው የአበባ ጉንጉን ጥብጣብ ረጅም ረጅም ነገር ተጽፎበታል፤ በሷ ጉንጉን ላይ ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ በነሱ ፊደል። ሚስቱ ከእንባዋ የተነሳ ማንበብ አቃታት።

እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።