ዘሀራ የጉድጓዱን ክዳን ያልለቀቀች ዕለት

ዘሀራ ነስረዲን ግትር ናት። ሰፈራችን ይህን በሐሜት ይለዋል፤ እኔ ግን በአድናቆት ነው የምለው። ጣና ዳር ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተወልዳ ፊዚክስ ስትማር «ይህ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ያላት ብዙ ነው። ተመረቀችና ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጠረች።

ዱቄት ጋጋሪ እያልን እናሾፍባት ነበር። ዱቄቱ ዚንክ ኦክሳይድ ይባላል። ቅንጣቱ ከመድቀቁ የተነሣ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ለብቻው በዓይን አይታይም። ትንሽ መስታወት ላይ ስስ አድርጋ ትቀባውና በምድጃ ታደርቀዋለች። መርዛም ጋዝ ሲነካው በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ያኔ ቀይ መብራት ይበራል። ይህን ሁሉ የሳሙና ማስቀመጫ በሚያህል ሳጥን ውስጥ ከታዋለች።

አባቷ ነስረዲን እምቦጭ የሚባለው የሐይቅ አረም መረቡን ካበላሸበት ወዲህ ዓሣውን ትቶ ከእኛ ጋር የፍሳሽ ጉድጓድ ይጠርጋል። ሙያችን የራሱ ሥርዓት አለው። ክዳኑ ይከፈታል፣ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ካልጠፋ አየር አለ ማለት ነው፤ ደግ ነው። ከዚያ የገማ እንቁላል የመሰለው ሽታ እስኪለቅ አፉ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ሽታው ሲጠፋ አለቃችን አንዳርጋቸው ያማትባል፤ ባለ ተራው ይወርዳል። ሃያ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው።

ባለፈው ግንቦት ዘንዘልማ ያለ አንድ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ አስጠራን። ተራው የነስረዲን ነበር፤ ገመዱን ወገቡ ላይ ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ዘሀራ ሳጥኗን ይዛ ደረሰችና በክር ወደ ውስጥ አወረደችው። ቀዩ ቦግ አለ።

«ሽታው እኮ ጠፍቷል፤ ኩራዙም እንደበራ ነው» አላት አንዳርጋቸው።

«ኩራዙ ይህን ጋዝ አያውቀውም፣ ጋሼ። ሽታውም አልጠፋም፤ ጋዙ አፍንጫችሁን አደንዝዞታል።»

«በዚህ አፍንጫ ልጆች አሳድጌበታለሁ!»

ዘሀራ የብረቱን ክዳን ጎትታ ጉድጓዱን ዘጋችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች። የማረፊያው ባለቤት «ነገ እንግዳ አለብኝ!» እያለ ጮኸ። ነስረዲን በኀፍረት ፊቱ ጠቆረ።

«ተነሽ ልጄ፣ በሰው ፊት አታዋርጅኝ።»

«ወላሂ አልነሣም! ተዋርደህም ቢሆን ኑርልኝ፣ አባዬ።»

ነስረዲን ልጁን ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ መሬት ላይ ጣለው። ከጎኗ ሄዶ ተቀመጠ።

አንዳርጋቸው ወደ እኔ ዞረ። «በል እንግዲህ አንተ ታጠቅ።»

ገመዱን አነሣሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አለቃዬን እምቢ ብዬው አላውቅም።

«አልወርድም፣ ጋሼ» አልሁት። «ጓዳችን ተክለ ጊዮርጊስ ወርዶ የሞተው ሽታው ከጠፋ በኋላ ነበር። ልቡ ነው ብለን ቀበርነው። ልቡ ምንም አልነበረበትም! ገመዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ ያን ዕለት የሚሸት ነገር ነበር?»

ባለቤቱ አሁንም ይጮኻል። ይጩህ፤ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ይጥራ! እኔም ሄጄ ክዳኑ ላይ፣ ከነስረዲን ጎን፣ ተቀመጥሁ።