በሬዎች የረገጡት ግድብ

ጣሊያን ትቶት የሄደው ዲናሞ ከመቐለ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት ተጥሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከጣሊያን መካኒኮች ጋር ስለሠራ ያውቀዋል። ወንዙን ገድቦ፣ ውሃውን በቧንቧ ቁልቁል ለቆ፣ ዲናሞውን ሊያዞርና መብራት ሊያወጣ ተነሣ።

ግድቡን የሠራነው ቤት እንደምንሠራ ነው። ሌላ አናውቅም። ግራና ቀኝ ድንጋይ፣ መሃሉ ጭቃና ጠጠር። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው በመሃሉ ሾልኮ ከኋላ ፈሰሰ። ሰው ሳቀብን። ወንድሜ ግን መሃሉን እስከ አለቱ ቆፍረን፣ ሸክላ አፈር በስንዝር በስንዝር እያነጠፍን፣ እያራስን መጠቅጠቅ አለብን አለ። በጋ ሲገባ ቆፈርን። አለቱ ጋ ስንደርስ ትኩሳት ያዘው። በሳምንቱ... ይህን መጻፍ ይከብደኛል። በሳምንቱ ሞተ።

ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ጎርፍ ከመጣ ግንቡ ይሄዳል፤ የወንድሜ ስምም በሚያፈስ ግድብ ይቀራል። ለቁፋሮው ከወሎ የቀጠርናቸው ሠራተኞች አለቃ፣ ሸክላውን በሰው እግር ብቻ ረግጠን አንደርስም አለኝ።

ለአርባው ተዝካር ዘመድ ከየገጠሩ ይመጣል። አባቴን፣ የሚመጣው ሁሉ በሬዎቹን እየነዳ ይምጣ አልኩት።

«ተዝካር ነው ወይስ ውቂያ?» አለኝ።

«አቦይ፣ እሱ ቢኖር የሚፈልገው ይህንን ነው።»

በማግስቱ ራሱ መልእክት ላከ። ከድግሱ በኋላ በሬዎቹን ጉድጓዱ ውስጥ አግብተን፣ እያነጠፍን በምናርሰው ሸክላ ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳናቸው። አለቃው በአማርኛ ቢጮህባቸው አልሰሙትም።

«በሬዎቻችሁም ትግርኛ ብቻ ነው የሚያውቁት» ብሎ ሐዘንተኛውን ሁሉ አሳቀ።

የአንድ ቀን ሥራ የተባለው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዘመዶቻችን ግን ሥራው ሳያልቅ በሬዎቹን መልሶ የወሰደብን የለም።

ዝናቡ መጣ። ውሃው ሞላ፤ ትርፉ በግድቡ ጎን በተውንለት ማፍሰሻ ወጣ። አባቴ አምና የሳቀብንን ጎረቤት እጁን ይዞ ከግንቡ ኋላ አወረደው፤ መዳፉንም ከታችኛው ድንጋይ ላይ አስቀመጠለት።

«ዳስሰው። የልጄ ነው።»

ድንጋዩ ደረቅ ነበር።

ከዚያ የቧንቧውን መዝጊያ አነሣሁ። ቧንቧው አጓራ፤ ዲናሞው ዞረ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰቀልነው አምፖል በራ። ቀን ስለነበር ብርሃኑ እምብዛም አይለይም። ቢሆንም ሰዉ ተሰልፎ እየገባ አየው። እኔ ሦስት ጊዜ ገባሁ።