የቡድሂዝም መጽሐፍ ስመርጥ ተቆለፈብኝ

ዛሬ ጎንደር፣ አንድ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ተቆለፈብኝ!

ስለ ቡድሂዝም ሸጋ መጽሐፍ ልምረጥ ብዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጭ እንዳልኩ፣ ባለሱቁ ሳያየኝ ቆልፎ ምሳ ሄደ።

በሩን ብደበድብ አንዲት ሴት ከውጭ፣ "ሌባ ነህ እንዴ?" አለችኝ።

"ሌባማ ብሆን መውጫው አይጠፋኝም ነበር!" አልኳት፤ ጥላኝ ሄደች።

ወደ አይከል የምትወስደኝ መኪና ልታመልጠኝ ነው። ከመደርደሪያው ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ አንድ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ በየገጹ "ተረጋጋ" ይላል። ይብስ ተናደድኩ። (ጸሐፊው መቼ ተቆለፈበት!)

ሽፋኑ የተላጠ ሌላ መጽሐፍ አነሳሁ። ሰው ለምን እንደሚጨነቅ ቀስ ብሎ ያስረዳል። በሩን መደብደብ ተውኩ።

ባለሱቁ ሲከፍት ደነገጠ። "ውይ፣ አያ! ምነው ዝም አሉ?"

"ቆይ፣ ይህችን ገጽ ልጨርስ።"

መኪናዋ አመለጠችኝ፤ የገዛሁት የተላጠው መጽሐፍ ግን አብሮኝ አለ።

እናንተስ መጽሐፍ የምትመርጡት በምንድን ነው? ሳይቆለፍባችሁ የሚሆን ዘዴ ካለ ንገሩኝ።